ቁልፉን ለድመት ሰጡት

«እሷ እንደሆነ ማንበብ አትችልም፤ ስሟ ቢጻፍ ምን ይጠቅማታል?»

እንዲህ ስትል የገዛ ልጄን አዲስአለምን የሰማኋት ቅዳሜ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ቆሜ ነው። ጥርሴ ገና ብርጭቆው ውስጥ ስለነበር አልመለስኩላትም። ያለ ጥርስ ከሰው ጋር አልከራከርም፤ ቃሉ ይፈስብኛል። እሷ ወጥ ቤት ሆና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ከባሏ ከካሳዬ ጋር ታወራለች፤ እሱ ኤርፖርት ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ መንገደኛ ይጠብቃል። «የእማማን ስምስ ፎርሙ ላይ አስገባሽው ወይ?» ብሎ የጠየቃት እሱ ነው። የሰው ልጅ አስታወሰኝ። እኔ የወለድኳት ግን፣ «ተርጓሚ የሚለው ላይ የልጅቷን ጽፌያለሁ። መስመሩም አንድ ነው። ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው ተርጓሚ ነው ብንል ላይብረሪው ይስቅብናል» አለችና ዘጋችው። ሌላ ቀን ቢሆን ወጥቼ አፏን አስይዛት ነበር። ያን ቀን ግን ጥርሴን አደረግኩ፣ ሻሼን አሰርኩ፣ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጥኩና ምንም እንዳልሰማ ሰው የሳምንቱን ኪኒን መቁጠር ጀመርኩ። የደም ግፊቱ ነጭ፣ የስኳሩ ሞላላ፣ የጉልበቱ ቢጫ።

ነገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። የልጅ ልጄ ኢየሩሳሌም፣ ቤት ውስጥ ጄሪ የምንላት፣ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔና እሷ አንድ ክፍል ውስጥ በተደራራቢ አልጋ እንተኛለን፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች። ለዚህ ቤት በወር ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዶላር ይከፈላል፤ በዚህ ዋጋ ቢያንስ ቢያንስ ራሴን ቀና አድርጌ የምቀመጥበት አልጋ ይገባኝ ነበር፣ ግን አሁን እሱን አላወራም። ጄሪ አንድ የጃፓን ታሪክ ትወዳለች፤ «የአራተኛ ፎቅ እንግዶች» ይባላል። አስራ አንድ መጽሐፍ ነው፣ ስስ ስስ፣ በየመሀሉ ሥዕል ያለበት። አንዱ ሃያ ሁለት ዶላር ስለሆነ እኛ አንገዛውም፤ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ከምትኖረው ጓደኛዋ ከሰልዋ ትዋሳለች። ታሪኩ የአንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ታሪክ ነው። ጃፓኖች አራት ቁጥርን ሞት ሞት ይሸታል ብለው ስለሚፈሩ የዚያ ሕንፃ ሊፍት ላይ አራት የሚባል ቁጥር የለም። ናሆ የምትባል ተማሪ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሊፍቱ በሌለው ፎቅ ላይ ቆሞ ይከፈትላታል። እዚያ የሚኖሩት ሙታን ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ ማለት የነበረባቸውን አንድ ነገር ሳይሉ የሞቱ። ያንን ነገር አፍ አውጥተው እስኪናገሩ ድረስ መሄድ አይችሉም። የየክፍሉን ቁልፍ የያዘችው ሺጌ የምትባል አሮጊት ናት፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ። ሙታኑን ሰብስባ፣ «ስትኖሩም ዝም፣ ስትሞቱም ዝም፣ መቼ ልታወሩ ነው?» እያለች የምትቆጣቸው እሷ ናት። ለኔ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። የኛም ሕንፃ ሊፍት አስራ ሦስትን ፈርቶ ከአስራ ሁለት ዘሎ አስራ አራት ይላል። እነ አዲስአለም አስራ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው ይላሉ። እኔ ውጭ ቆሜ መስኮቱን ከታች ወደ ላይ ቆጥሬዋለሁ፣ አስራ ሦስተኛ ነው።

ጄሪ በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ከዚያ ባላት አማርኛ ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ ወደ ሰው አማርኛ እመልሰዋለሁ፤ የመለስኩትን እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሥራችን ይህ ነው። «ሺጌ አፕሴት ሆነች» ትለኛለች። አፕሴት የሆነች አሮጊት ምን ታደርጋለች? ትጮኻለች? ትተፋለች? ፊቷን ታዞራለች? እላታለሁ። «ኖ፣ ቁልፎቹን ካውንት አደረገች ነው የሚለው» ትላለች። እንግዲያው «ምንም እንዳልሰማ ሰው ቁልፎቿን መቁጠር ጀመረች» ብለሽ ጻፊ እላታለሁ። ይኸው ነው። አንድ ሙት ወታደር ለእናቱ ያላለውን ሲናገር እንዴት እንደሚናገር ይህች ልጅ ከየት ታውቃለች? ስንት ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። የተጣላንበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ። ሺጌ ራሷ ሙት እንደሆነች፣ ማለት የነበረባትንም አንድ ነገር ሳትል እንደሞተች እዚያ ላይ ይታወቃል፤ ያ ነገር እንግሊዝኛው ላይ «ደክሞኛል» ነው አለችኝ። በፍጹም አልኩ። ስልሳ ዓመት ሙሉ የሙታንን ቁልፍ የተሸከመች ሴት ሰው ፊት ደከመኝ አትልም፤ «በቃኝ» ነው የምትለው። ሦስት ቀን ተኳርፈን «በቃኝ» ተብሎ ተጻፈ።

ይህ ታሪክ በካርቱንም ወጥቷል፣ በፊልምም ወጥቷል። ካርቱኑን ጄሪ በስልኳ አሳየችኝ፣ ሃያ አራት ክፍል። እጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ሺጌ የለችም። «የታለች?» ስላት ጄሪ አፏን በእጇ ሸፈነች። አውጥተዋታል! አሮጊት ማን ያያል ብለው አውጥተዋት ቁልፉን ለነጭ ድመት ሰጡት። ድመት አንገት ላይ ክር አስረው፣ ክሩ ላይ ቁልፍ አንጠልጥለው! ድመት ሙታንን ስትቆጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊልሙ ደግሞ ባሰ። እዚያ አለች ተብዬ ተደስቼ ብቀመጥ፣ አንዲት ለጋ ልጅ ፊቷ ላይ የተጨማደደ ነገር ቀብተው፣ ለሚገባውም ለሚወጣውም ፈገግ ስትል ትውላለች። የኔዋ ሺጌ ፈገግ አትልም። እኔና ጄሪ የሠራናት ሺጌ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለችው ትናከሳለች፤ ስለዚህ ከሁሉም የኛ ይበልጣል ብል ትዕቢት አይደለም። እንግዲህ ላይብረሪው ውስጥ ይህን መጽሐፍ የሚወዱ ልጆች ማኅበር አላቸው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ እያንዳንዱ በቤቱ ቋንቋ መልሶ ሰው ፊት እንዲያነብ፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ጥራዝ ታትሞ እዚያው መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ተባለ። ቀኑ ያ ቅዳሜ ነበር፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ በነሱ አቆጣጠር ሁለት። የተርጓሚው ስም የሚሞላበት ፎርምም በዚያው ቀን በእጅ ነው የሚሰጠው።

ኪኒኔን እየቆጠርኩ ሳለ አዲስአለም ወደ ክፍላችን ገባች። የልብስ መደብር ሻጭ ናት፤ ስሟ የተጻፈበትን ካርድ ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው የምትውለው። ጄሪ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ወርዳለች። አዲስአለም በእጇ የውሃ ፕላስቲክ ይዛለች፤ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችው ጠበል ነው። ልጄ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ፈሪ ናት እንጂ። ጄሪ በዚህ ሰሞን በእንቅልፏ ትናገራለች፤ መጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ደግሞ ፊቱ እንደ ዱቄት የነጣ ሙት አለ። አንድና አንድ ደምራ ጨርሳለች። መጀመሪያ እኔን ረጨችኝ፣ አሜን አልኩ። የላይኛውን አልጋ ረጨች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደሩት መጽሐፎች ዞረችና በመርጨት አልቆመችም፣ ፕላስቲኩን ዘቅዝቃ አፈሰሰችው። ደብተሩ ከመጽሐፎቹ አጠገብ ተከፍቶ ነበር። ውሃው ሲደርሰው አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ታነሳው ነበር። ውሸት አልወድም፤ አየሁ፣ ዝም አልኩ። «እማዬ፣ ቁርስሽን ብዪ፣ አጃው ምድጃው ላይ ነው» አለችኝ። ዝም። «አኮረፍሽ እንዴ?» ዝም። ቢጫውን ኪኒን ቆጠርኩ፣ ሰባት። ከሥራ ስትወጣ ለላይብረሪው የምትሰጠውን ፎርም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች፤ በሩ ተዘጋ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጄሪ የታጠበ ልብስ ቅርጫት ታቅፋ፣ ልቧ ሊወጣ ሲል ገባች። በደረጃ ነው የወጣችው። አንዱ ሊፍት ከማክሰኞ ጀምሮ ተበላሽቷል፤ ሌላውን ቤት የሚለቁ ሰዎች ለዕቃቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘውታል። «እማማ፣ አንቺ አትችይም፣ እቤት ቅሪ፣ ሪከርድ አድርጌ አሳይሻለሁ» አለችኝ፤ ቀጥላ ጠረጴዛውን አየች። መጽሐፎቹን ምንም አላላቸውም፣ የታተመ ነገር ነው፤ ትንሽ አበጡ እንጂ። ደብተሩ ግን ጉድ ሆነ። በዚያ በሐምራዊ እስክሪብቶዋ የጻፈችው ሁሉ ወርዶ፣ ገጹ የተፈጨ ቀይ ሥር የፈሰሰበት ገበታ ጨርቅ መሰለ። ባዶውን ፕላስቲክ አነሳች፣ አሸተተች።

«ማሚ ናት?»

«እናትሽ ናት።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፣ ባለቀሰች ይሻል ነበር። «ፎቶ አላነሳሁትም። ሌላ ኮፒ የለኝም። ኢንግሊሹ አለ፣ ግን እኔ ብቻዬን… እማማ፣ ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብን። አልሄድም በቃ። ለሰልዋ ቴክስት አደርጋለሁ።» ስልኳን አነሳች።

እዚያ ላይ እኔም ልቤ ተከፈለ። ቤት ብትቀር ፎርሙም ይቀራል፣ ያለ ስሜ የሚታተም ነገር አይኖርም፣ እንኳን ቀረ የሚል ሰይጣን ነበረኝ። ግን ሺጌስ? ሺጌን ካርቱኑ አውጥቷታል፣ ፊልሙ አበላሽቷታል፤ በዚህ ከተማ በኛ ቋንቋ እንኳ ሳትሰማ ልትቀር ነው? የሚጽፉ ሰዎች ወረቀቱ ያስታውስልናል ብለው ይረሳሉ። እኔ ወረቀት ኖሮኝ አያውቅም፣ ስለዚህ የሰማሁት አይጠፋብኝም፤ የመለስኩትማ እንዴት ሆኖ!

«ስልኩን አስቀምጪው» አልኳት። «ካፖርቴን አምጪ። ደብተር ያዢ፣ እስክሪብቶም ያዢ፣ ያንን የሚያለቅሰውን ሳይሆን ሌላ።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች ነዋ። እየወረድን እነግርሻለሁ፣ አንቺ እየተቀመጥሽ ትጽፊያለሽ። ምዕራፉ ረጅም ነው፣ ደረጃውም ረጅም ነው።»

ወረድን። እኔ በአንድ እጄ የብረቱን መደገፊያ፣ በአንድ እጄ የልጅቷን ትከሻ ይዤ፣ አንድ እግር አስቀድሜ ሌላውን እያስከተልኩ፤ በየፎቁ ስንደርስ እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ፣ እሷ ከበታቼ ቁጭ። ደረጃው የተጠበሰ ዓሣ፣ የሲጋራና የወለል ማጽጃ ይሸታል፤ መብራቱ በየሁለት ፎቁ ይርገበገባል። ሙታኑ አንድ በአንድ ቃላቸውን ተናግረው አራተኛው ፎቅ ባዶ ሲቀር፣ ሺጌ የተከፈቱትን በሮች እየዞረች ስትዘጋ ነው የሚጀምረው። «በሩን ሁሉ ዘጋች፤ የሚወጣ እንዳይኖር ሳይሆን ነፋስ እንዳይገባ» ብዬ አስጻፍኳት። እጇ ይሮጣል። ስትሳሳት አታቋርጠኝም፣ እኔም አላቋርጣትም። ዘጠነኛው ላይ ጉልበቴ እንደ ፍም መጋል ጀመረ። «ጻፊ» አልኳት።

ሰባተኛው ፎቅ ላይ ኢድሪስ የሚባለው የወሎ ሰው ጎረቤታችን፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ የሃያ ኪሎ ሩዝ ከረጢት ተሸክሞ ሲወጣ አገኘን። እኔ በዚያን ጊዜ፣ «ሙታኑ የጫማቸውን ዱካ አቧራው ላይ ትተው ሄደዋል» እያልኩ ነው።

«ላ ኢላሃ! እማማ አበራሽ፣ ማን ሞተብዎ?» አለ፣ ከረጢቱን አውርዶ።

«እኔ ብቻ ነኝ ልሞት የተቃረብኩት። ሥራ ላይ ነን፣ እለፍ።»

ጄሪ ነገሩን በአጭሩ ነገረችው። ያልፋል ስል ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ። «እሺ፣ ሁሉም ከሄዱ አሮጊቷስ ለምን ቀረች?» አለ። «እሱ ነው ጥያቄው» አልኩትና ቀጠልኩ፤ አሮጊቷ ስልሳ ዓመት ሊፍቱ ውስጥ ገብታ እንደማታውቅ፣ ናሆም ይህ ነገር ያን ቀን እንደገባት። ሰውዬው ላቡ እየተንጠፈጠፈ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «ሙት ነበረቻ!» አለ በመጨረሻ፣ በመዳፉ ጉልበቱን መትቶ። ያኔ አወቅሁ። አንባቢ እንዲህ ነው የሚባለው፣ ላይብረሪ ሳይገባ።

አራተኛው ፎቅ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። በሩ ላይ አራት ቁጥር በትልቁ ተስሏል። ቁጭ አልኩ፤ ጄሪም ተቀመጠችና እስክሪብቶዋን አቀናች። እኔ ግን ታሪኩን ከመቀጠል ሌላ ነገር አፌ ላይ መጣ። የዚያ መጽሐፍ ጣጣ ነው፤ አስራ አንድ ቅጽ ሙሉ «ያላልከውን በል፣ ያላልሽውን በይ» ሲል የሰማ ሰው አፉን መግጠም ይቸግረዋል።

«ውሃው ደብተርሽ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ» አልኳት። «እናትሽ አላየችም፣ እኔ አይቻለሁ። ዝም አልኩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን?»

«ስሜን ስለተዋችሁት። ፎርሙ ላይ።»

«ፎርሙን? እኔ አልሞላሁትም፣ ማሚ ናት የሞላችው!» እስክሪብቶዋን ጠቅ ጠቅ አደረገች። «እማማ፣ ዛት'ስ ሶ ፔቲ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እንደ… ትንሽ ሰው የሚያደርገው ነገር።»

«አዎ፣ ትንሽ ሰው የሚያደርገው ነው» አልኳት። «አሁን ጻፊ።»

ጻፈች። ፊቷ ግን እንደተዘጋ ነበር፣ እኔም ልክፈት አላልኩም። ናሆ የበሩን ቀለም በጥፍሯ ፍቃ ከሥሩ የሺጌን ስም እስክታገኝ ድረስ ተጻፈ። እዚያ ላይ ሰዓት አለቀብን፤ የቀረው አንድ ገጽ ያህል ነው። ባቡር ውስጥ እንጽፈዋለን አልን፣ ግን ከኛ ጣቢያ ከቪክቶሪያ ፓርክ ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው፣ ባቡሩም ቆመው በሚሄዱ ሰዎች ተጠቅጥቋል። ለኔ አንድ ወጣት ተነሳልኝ፣ እሷ ብረቱን ይዛ ቆመች። «የቀረውን ከጭንቅላቴ እላለሁ» ያለችኝ ስንወርድ ነው፣ ፊቴን ሳታይ።

ላይብረሪው ውስጥ ወደ አርባ ሰው ይሆናል፣ የሚታጠፉ ወንበሮች ላይ የተቀመጠ። አንዳንዱ ልጅ እንደ መጽሐፉ ሰዎች ለብሷል። ድመት ሆነው የመጡ ሦስት ቆጥሬአለሁ፤ ሺጌ ሆኖ የመጣ የለም። ሰልዋ ፊት ላይ ወንበር ይዛልን ነበር። «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብላ ሁለት እጄን ያዘች፣ እናቷ ያሳደገቻት ልጅ። አንዲት ፊሊፒናዊት አነበበች፣ አንድ የባንግላዴሽ ልጅ አነበበ፣ ሌሎችም አነበቡ። እኔ አልገባኝም ግን ሺጌን እፈልጋለሁ፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር ድምፃቸው ሲለሰልስ እሰማለሁ። ሁሉም አለሰለሷት። ከዚያ፣ «ኢየሩሳሌም፣ አማርኛ» ተባለ። ስሟን ብቻ።

ልጅቷ ቆመች። ያነበበችው በእርሳስ መሳይ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ደረጃ ላይ የተጻፈ፣ መስመሩ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ነገር ነው። ግን ቃሉ የኔ ነው፣ እያንዳንዱ። ከወዲያኛው ጥግ አንድ ያገሬ ሰው «እህ!» ሲል ሰማሁ፤ «ነፋስ እንዳይገባ» የሚለው ጋ ነው። ደረቴ ተነፋ፣ ምን ልበላችሁ። ገጹን ገለጠች፣ ገለጠች፣ አለቀ። ናሆ ስሙን አግኝታለች። ጄሪ ወረቀቱን አጠፈች፣ አፏን ከፈተች፣ «ከዚያ… ናሆ… ጠራው፣ ማለቴ ጠራቻት…» አለችና ቆመች። አርባ ሰው ይጠብቃል። ዓይኗ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ከደረጃው ወዲህ ቀጥ ብላ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ተነሳሁ። ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ የመጀመሪያው አልሆነም።

«‹ኩሮዳ ሺጌ!› ብላ ጠራቻት» አልኩ። ድምፄ ማይክ አይፈልግም። «አሮጊቷን ስልሳ ዓመት በስሟ የጠራት ሰው አልነበረም፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ማንም የለም። ‹ማለት የነበረብሽ ምንድን ነው?› አለቻት ናሆ። ‹እኔ ያልኩትን ብያለሁ፣ ያላልኩት የለም› አለች ሺጌ። ሊፍቱ አልተከፈተም። ‹ይቅር በሉኝ› አለች። አልተከፈተም። ‹ናፍቃችሁኛል› አለች። እሱን ሙታን ሁሉ ብለውታል፤ አልተከፈተም። ያኔ ቁልፎቿን መሬት አስቀመጠች። ስልሳ ዓመት መሬት ነክተው አያውቁም፣ ሲያርፉ ድምፃቸው ፎቁን ሁሉ ሞላው።»

እዚህ ጋ ደረስኩና ቆምኩ። ቃሉ «በቃኝ» ነው፣ ሦስት ቀን ተኳርፌበት ያስጻፍኩት። የወንበሩን ጀርባ ይዣለሁ። በዚያ መሀል በሩ አጠገብ አዲስአለምን አየኋት፣ ካፖርቷን ሳትዘጋ፣ የስም ካርዷ ደረቷ ላይ። ጄሪ ባቡር ስንጠብቅ የተበላሸውን ደብተር ፎቶ ልካላት ኖሯል፤ ሥራዋን ጥላ መጥታለች። ልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ስታየኝ አላውቅም። ድመቷ ትዝ አለችኝ። እነሱ አሮጊቷን አውጥተው ድመት አስገቡ፤ እኔስ ቃሏን ከአፏ አውጥቼ የኔን አላስገባሁም? ያው አይደል?

«‹ደክሞኛል› አለች» አልኩ።

አርባውም ሰው ወደ እኔ ዞረ። አማርኛ የማያውቀው ሁሉ ሳይቀር።

«‹ደክሞኛል› አለች ሺጌ፣ ሊፍቱም ተከፈተ። ቁልፎቹን ለናሆ ትታ ገባች። ምን ቁጥር እንደተጫነ አልታየም። አለቀ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ጭብጨባውን አልነግራችሁም፣ ጉራ ይመስላል። ብቻ ረጅም ነበር፤ ፊሊፒናዊቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከድመቶቹ አንዷ እጇን አውጥታ የሆነ ነገር ጠየቀች፣ ጄሪም ሳቀች። «ድመቷ የት አለች ትላለች።» «ድመት የለም በያት» አልኳት፣ «ከመጀመሪያውም አልነበረም።» የላይብረሪዋ ሴት ወደኛ መጥታ ስታናግራት ጄሪ በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጋ መለሰችላት፣ በጣቷ እኔን እያሳየች፣ በኋላም ራሷን እያሳየች እንዲህ ትንሽ አድርጋ። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኩም። ሴትዮዋ ለኔ ጎንበስ አለችልኝ፣ ያ በቂ ነው።

አዲስአለም መጥታ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወንበሮቹ ይታጠፋሉ፣ ልጆች ብስኩት ይበላሉ።

«በደረጃ ወረድሽ?» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

«ክንፍ የለኝም።»

«እማዬ፣ ጉልበትሽ…»

«ጉልበቴን ተዪው። ጠዋት ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ ጥርሴን አላደረግኩም ነበር እንጂ ጆሮዬ ቦታው ላይ ነበር። አንቺ ስምሽን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ሱሪ ትሸጫለሽ። እኔ ምን ጎድሎኝ ነው?»

ልጄ ናትና ሰው ፊት አታለቅስም። ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ፎርም አወጣች፣ በግራ እጇ ጉልበቴን እንደያዘች። እስክሪብቶ ጄሪ ሰጠቻት፣ ጥቁሩን። አዲስአለም ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጻፈች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ተማሪ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አልኳት።

«አበራሽ።»

«አበራሽ የማን? እዚህ ሀገር ስንት አበራሽ አለ! ጃፓኖቹ እንኳ የቤተሰቡን ስም ያስቀድማሉ። አበራሽ ካብትህይመር በይ፣ ከነአባቴ።»

«ቦታ የለም እኮ እማዬ፣ መስመሩ አልቋል።»

«ልጅቷን ወደዚያ ገፋ አድርጊያት።»

ጄሪ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እኔን ግፊኝ ማሚ፣ እኔ ወጣት ነኝ» አለች። አዲስአለም የልጇን ስም ሰርዛ፣ ከሥር ባለው ነጭ ቦታ ላይ አነስ አድርጋ ደገመችው፤ የኔን ከላይ ከነአባቴ ሞላችው። የላይብረሪዋ ሴት ፎርሙን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። ቆይ አልኳት። «የቱ ነው የኔ?» ብዬ ልጄን ጠየቅኳት፤ ጣቴን ይዛ ስሜ ሥር አስቀመጠችልኝ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። እስኪደርቅ ድረስ እጄን ከሥሩ አላነሳሁም፣ ድመት እንዳያስገቡበት።